ከደሴ ባሕር ዳር፦ በቦሌ ዞሮ መብረር ወይስ በጋሸና መንዳት?

ካርታ ላይ ሲታይ ቅርብ ነው። ለደሴ ቅርቡ ከሆነው ከኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ በቀጥታ መስመር ሲለካ 267 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። በአገር ውስጥ መስመር የሚበረው ባለ ፕሮፔለር ኪው 400 በሰዓት 650 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይሄዳል። መነሣቱና ማረፉ ተደምሮ እንኳ ከአንድ ሰዓት ያነሰ ነው። ስልካችሁ ላይ የርቀት ማስያ ብትከፍቱም ሃምሳ ደቂቃ ምናምን ብሎ ይነግራችኋል።

ችግሩ በዚያ መስመር የምትሳፈሩበት አውሮፕላን የለም። የአገር ውስጥ በረራ የተዘረጋው በቦሌ ዙሪያ ነው። ከኮምቦልቻ ተነሥታችሁ ቦሌ ትወርዳላችሁ። ከቦሌ ሌላ አውሮፕላን ተሳፍራችሁ ወደ ሰሜን ምዕራብ ትመለሳላችሁ። ኮምቦልቻ–ቦሌ 254 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቦሌ–ባሕር ዳር ደግሞ 333 ገደማ። ድምሩ 587። በመኪና ግን ከደሴ በወልድያና በደብረ ታቦር አድርጎ 480 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። በሰማይ ያለው መንገድ በመሬት ካለው በመቶ ኪሎ ሜትር ይረዝማል ማለት ነው።

እንግዲህ ደሴ ተቀምጦ "በአውሮፕላን ልሂድ ወይስ በመኪና?" የሚል ሰው የበረራ ሰዓት ብቻ አይቶ ቢወስን ይሸወዳል። ጥያቄው ደግሞ በየሳምንቱ የሚነሣ ነው። የክልሉ ቢሮዎች ባሕር ዳር ናቸው። ለስብሰባ የሚጠራ አለ፣ ለሕክምና የሚሄድ አለ፣ ልጅ ዩኒቨርሲቲ የሚያደርስ አለ፣ ሰርግ የተጠራም አለ። ሁሉም አንድ ዓይነት መልስ አይሠራላቸውም።

በምን እንመዝን?

የመጀመሪያው መመዘኛ ከደጅ እስከ ደጅ ያለው ጊዜ ነው። አውሮፕላኑ አየር ላይ የሚቆይበት ሳይሆን፣ ሆጤ ወይም ሸዋ በር ካለው ቤታችሁ ወጥታችሁ ባሕር ዳር አልጋ የያዛችሁበት በር እስክትደርሱ ያለው ጊዜ።

ሁለተኛው ጠቅላላ ወጪ ነው። ቲኬት ብቻ አይደለም። ኮምቦልቻ የምትወርዱበት መኪና፣ ቦሌ የምትበሉት ምሳ፣ ካደራችሁ የአልጋ ሒሳብ፣ መናኸሪያ ለጭነት የሚጠየቅ ገንዘብ ሁሉ ይገባል። እዚህ ላይ የብር መጠን አልጽፍም። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ዛሬ የተጻፈ ዋጋ በወሩ ያረጃል። የትኛው ከየትኛው ይበልጣል የሚለው ግን አይቀየርም፤ የማወዳድረውም እሱን ነው።

ሦስተኛው፣ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው፣ እርግጠኝነት ነው። ዛሬ እወጣለሁ ስትሉ ትወጣላችሁ? መሐል ላይ አንድ ነገር ቢበላሽ የሚቀጥለው አማራጭ ከስንት ሰዓት በኋላ ነው? በዚህ ዘመን ይህን ሳይጠይቁ መንገድ መጀመር አይቻልም።

የቀሩት ሁለቱ አካልና ዕቃ ናቸው። ሽማግሌ፣ ሕፃን፣ ከቀዶ ሕክምና የተነሣ ሰው ወይም መኪና የሚያስመልሰው ሰው አብሯችሁ ካለ ሚዛኑ ሌላ ነው። ሁለት ማዳበሪያ እህልና የማር ጀሪካን ከያዛችሁም እንደዚያው።

በአውሮፕላን፦ ኮምቦልቻ–ቦሌ–ባሕር ዳር

መጀመሪያ አንድ ነገር ይታወቅ። ቲኬቱ ላይ የሚወጣው ኮድ ዲኤስኢ ነው። ከደሴ ስም የተወሰደ ነው፤ ማረፊያው ያለው ግን ኮምቦልቻ ነው። ከሌላ አገር የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ አስቀድማችሁ ንገሩት። ደሴ ከተማ ውስጥ የሚወርድ የሚመስለው ብዙ ሰው አለ።

ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግን ሜዳ አይደለም። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 አካባቢ። ያንን ሁሉ የምትወርዱት በሐረጎ ጠመዝማዛ ነው። ፊታችሁ አንድ የተጫነ ሲኖትራክ ከገባ በእሱ ፍጥነት ትወርዳላችሁ። ክረምት ላይ ጉሙ አስፋልቱ ላይ ሲተኛ ሹፌሩ መብራት አብርቶ፣ አንገቱን ወደ መስታወቱ አስግጎ ነው የሚነዳው። ስለዚህ "ኮምቦልቻ እኮ እዚህ ናት" ብላችሁ ሰዓት አታጣቡ። አንድ ሰዓት ያዙለት።

ማረፊያው ላይ ከበረራው ሁለት ሰዓት ቀድሞ መገኘት ጥሩ ነው፤ ቢያንስ አንድ ሰዓት ተኩል። ማረፊያው ትንሽ ስለሆነ ሰልፉ አያስፈራም። የሚያቆየው ፍተሻው ነው። በር ላይ ሻንጣ ይታያል፣ ሰው ይታያል፣ ከውስጥ እንደገና ይታያል። አንዲት እናት ከፊቴ ተሰልፈው ነበር። በእጃቸው በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል።

"እማማ፣ ምንድን ነው?" አለቻቸው ፈታሿ።

"ማር ነው ልጄ፣ ለልጄ አራስ ቤት።"

"በእጅ አይገባም እማማ። ሻንጣ ውስጥ ይግባ።"

ሻንጣው ደግሞ ቀድሞ ገብቷል። እንዲህ ዓይነቱ ነገር ነው ሰዓት የሚበላው። ማር፣ ዘይት፣ የተነጠረ ቅቤ የመሰለ ፈሳሽ ሁሉ ክዳኑ ጠብቆ፣ በፌስታል ደጋግሞ ታስሮ ከቤት ሲወጣ ዋናው ሻንጣ ውስጥ መግባት አለበት። በርበሬና ሽሮ ችግር የለባቸውም፤ ብቻ እንዳይፈስ። በእጅ የሚያዘው 7 ኪሎ ነው። የዋናው ሻንጣ ልክ ቲኬቱ ላይ ተጽፏል፤ እሱን አንብቡ።

ካውንተሩ ላይ አንድ ነገር አረጋግጡ። ሻንጣችሁ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት የባሕር ዳርን ኮድ፣ ቢጄአርን፣ ይዟል ወይ? ቲኬታችሁ አንድ ከሆነ ሻንጣው ቦሌ ሳትነኩት ወደ ሁለተኛው አውሮፕላን ይሻገራል። ወረቀቱ አዲስ አበባ ብቻ ካለ ግን ቦሌ ላይ አውጥታችሁ እንደገና ማስገባት ሊኖርባችሁ ነው። ያኔ የመጠበቂያው ሰዓት በቂ መሆን አለበት።

አውሮፕላኑ ሰባ ምናምን ሰው የሚይዝ ነው። ሜዳውን በእግር አቋርጣችሁ በራሱ ደረጃ ትወጣላችሁ። ጉልበቱ የደከመ ሰው ከያዛችሁ ቲኬት ስትቆርጡ የተሽከርካሪ ወንበር ጠይቁ፤ ጠዋት በር ላይ ደርሶ መጠየቅ ልፋት ነው። ወደ ቦሌ ያለው በረራ ከበር መዘጋት እስከ በር መከፈት አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከዚያ ውስጥ ግማሹ መውጣትና መውረድ ነው። ለዚህ ነው 254 ኪሎ ሜትሩና 333 ኪሎ ሜትሩ በጊዜ ሰሌዳው ላይ ተቀራራቢ የሚሆኑት። አጭር በረራ ላይ ርቀት ብዙ ለውጥ አያመጣም።

ከዚያ ቦሌ። የዚህ ጉዞ ወገቡ እሱ ነው። ባሕር ዳር በቀን ብዙ በረራ አላት፤ ኮምቦልቻ ግን ጥቂት ነው ያላት። ስለዚህ ቲኬት ስትፈልጉ ከኮምቦልቻው ጀምሩ። እሱ የሚነሣበትን ሰዓት ያዙና ለእሱ የሚስማማውን የባሕር ዳር በረራ ምረጡ። መሐል ላይ ከአንድ ሰዓት በታች የሆነ ኮኔክሽን ቢሰጣችሁ አትጓጉ። ጠዋት ኮምቦልቻ ላይ ጉም ካለ አውሮፕላኑ ይዘገያል፤ ሁለተኛው ደግሞ አይጠብቃችሁም። እኔ ሁለት ሰዓት ተኩል አካባቢ ያለውን እመርጣለሁ። ቡና ጠጥቶ፣ ስልክ ቻርጅ አድርጎ፣ ሳይደናገጡ መሻገር ያስችላል። አምስትና ስድስት ሰዓት ከሆነ ግን የአውሮፕላኑ ጥቅም እዚያው ወንበር ላይ ያልቃል።

አንድ ቲኬት ወይስ ሁለት? ብዙ ሰው ርካሽ መስሎት ኮምቦልቻ–አዲስን ለብቻ፣ አዲስ–ባሕር ዳርን ለብቻ ይቆርጣል። የመጀመሪያው ቢዘገይ ሁለተኛው ይቃጠላል፤ ጥፋቱም የራሳችሁ ይሆናል። በአንድ ቲኬት ሲሆን ግን እስከ መጨረሻው ማድረስ የአየር መንገዱ ኃላፊነት ነው፤ ወደሚቀጥለው በረራ ያዞራችኋል። ልዩነቱ ትንሽ ብር ከሆነ አንዱን ቲኬት ያዙ።

ደግሞ ሰዓቱ። ቲኬት ላይ ያለው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ቀኑም እንዲሁ። 07:00 የሚለው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው። 13:20 ከቀኑ 7 ሰዓት ከ20 ነው። ለወላጆቻችሁ ቲኬት የምትልኩ ከሆነ በእኛ አቆጣጠር በአማርኛ ጽፋችሁ አብራችሁ ላኩ። ስሙም መታወቂያው ወይም ፋይዳው ላይ ካለው ጋር አንድ ይሁን። በቴሌብር ወይም በሲቢኢ ብር የምትከፍሉ ከሆነ ቦታው የሚያዝላችሁ እስከ ተወሰነ ሰዓት ነው። ያ ካለፈ ይሰረዛል፤ ዋጋውም ሲመለሱ እዚያው ላይቆይ ይችላል።

እንግዲህ እንደምረው። ከቤት እስከ ኮምቦልቻ አንድ ሰዓት፣ ማረፊያው ላይ አንድ ሰዓት ተኩል፣ በረራ አንድ፣ ቦሌ ሁለት፣ በረራ አንድ፣ ሻንጣ አውጥቶ ባሕር ዳር ከተማ እስኪገቡ ግማሽ። ሰባት ሰዓት። ይሄ ሁሉም ሲሳካ ነው። ኮኔክሽኑ ከረዘመ ዐሥር፣ ዐሥራ አንድ ይደርሳል። ካመለጠና ማታ ከሆነ አዲስ አበባ ማደር ነው።

በአውቶቡስ፦ ሐይቅ–ወልድያ–ጋሸና–ደብረ ታቦር

ይህ መንገድ የሚያምር መንገድ ነው፤ ያንን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ከደሴ ወጥታችሁ ሐይቅን ታልፋላችሁ፣ ውጫሌ፣ መርሳ፣ ከዚያ ወልድያ። እስከዚህ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከወልድያ በኋላ ወደ ግራ ታጥፋችሁ ሰዉ እስካሁን የቻይና መንገድ የሚለውን ትይዛላችሁ። እስከ ወረታ 300 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ዲልብን አልፎ ወደ ጋሸና ሲወጣ መኪናው ያቃስታል። ጋሸና ላይ ብርዱ መስኮት ያዘጋል፤ ከዚያ ወደ ቀኝ የሚገነጠለው የላሊበላ መንገድ ነው። ፍላቂት፣ ነፋስ መውጫ፣ በጉና ተራራ ግርጌ አድርጎ ደብረ ታቦር፣ ከዚያ ቁልቁል ወረታ። ከወረታ ባሕር ዳር የቀረው 60 ኪሎ ሜትር ሜዳ ነው፤ የፎገራ ሩዝ ግራና ቀኝ ይታያል።

በጥሩ ቀን አውቶቡስ ከንጋት ተነሥቶ አመሻሽ ላይ ይገባል። እኔ ከዐሥራ አንድ እስከ ዐሥራ ሦስት ሰዓት ብላችሁ ያዙ እላለሁ፤ ምሳውና ፍተሻው ተቆጥሮ። መነሻው ሌሊት 11 ሰዓት አካባቢ ስለሆነ መናኸሪያ የምትደርሱት በጨለማ ነው። ባጃጅ ማታውኑ ቅጠሩ። የደሴን የሌሊት ብርድ ለማያውቅ ጋቢ አይረሳ።

ወጪው ከሁሉም ዝቅተኛው ነው። ጭነትም አያስፈራም፤ ጣራ አለ፣ ሆድ አለ። ከረዳቱ ጋር የጭነቱን ዋጋ ከመሳፈር በፊት ጨርሱ። መንገድ ላይ "ይሄማ ሌላ ነው" የሚል ነገር ይመጣል። ቲኬትም ከመስኮቱ ቁረጡ። ደላላ "አባዱላ አለ፣ ቶሎ ይደርሳል" ካለ ስንት ሰው እንደጫነ ዓይናችሁ ይይ። በትርፍ ሰው የታጨቀ አባዱላ ጋሸናን ሲወጣ ማየት አያስመኝም።

የዚህ አማራጭ ትልቁ ጥያቄ መንገዱ ክፍት ነው ወይ የሚለው ነው። ከ2015 ክረምት ማብቂያ ወዲህ በክልሉ ባለው ግጭት መንገዶች በድንገት ይዘጋሉ፣ በድንገት ይከፈታሉ። ትናንት ሰላም የነበረው ዛሬ ላይሆን ይችላል። እዚህ ላይ እንዴት እንደሚጠየቅ ማወቅ ይጠቅማል። መናኸሪያ ሄዳችሁ "ጋሼ፣ መንገዱ እንዴት ነው?" ብትሉ "አብሽር፣ ሰላም ነው" ይባላል። ወሎ ላይ አብሽር ለሁሉም ነገር ነው። ይልቅ "ትናንት ማታ ከባሕር ዳር የገባ መኪና አለ?" ብላችሁ ጠይቁ። አለ ከተባለ ሹፌሩን ፈልጋችሁ አናግሩ። የት እንዳስቆሙት፣ ስንት ሰዓት እንደቆመ ይነግራችኋል። የገባ መኪና ከሌለ መልሱን አግኝታችኋል።

የግልና የኮንትራት መኪና

መንገዱ ያው ነው፤ የሚለየው ሰዓቱ ነው። በራሳችሁ ሰዓት ትነሣላችሁ፣ የፈለጋችሁበት ትቆማላችሁ። ስምንት እስከ ዐሥር ሰዓት ይበቃል። አራት ሰው ተካፍሎ ከከፈለ ለአንድ ሰው ከአውሮፕላን ሊያንስ ይችላል፤ ለብቻ ከሆነ ግን በፍጹም። ስትዋዋሉ መመለሻው ባዶ እንደሆነ ሹፌሩ ማስላቱ አይቀርም። ስለዚህ ደርሶ መልስ ከሆነ በአንድ ዋጋ ጨርሱ፤ የሹፌሩ ማደሪያና ምግብ በማን እንደሆነም ቀድሞ ይነገር።

አንድ ምክር አለኝ። መንገዱን የሚያውቅ ሹፌር ከአዲስ መኪና ይበልጣል። የሐረጎን ጥምዝ የለመደ የደሴ ሹፌር ሁሉ የዲልብን አቀበት ያውቃል ማለት አይደለም። በዚያ መስመር በቅርቡ ተመላልሷል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ነዳጅም ከደሴ ወይም ከወልድያ ሞልታችሁ ውጡ። ከዚያ በኋላ ማደያ ቢኖር እንኳ ነዳጅ ይኖራል ማለት አይደለም።

ሌሎቹ ሁለቱ መንገዶች

አንዱ በአውቶቡስ አዲስ አበባ ወርዶ፣ እዚያ አድሮ፣ በማግሥቱ ወደ ባሕር ዳር መብረር ነው። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ነው። ኮምቦልቻ ቲኬት ሲጠፋ ወይም አዲስ አበባ ሌላ ጉዳይ ካላችሁ ይሠራል። ካልሆነ ሁለት ቀን ይበላል። የአልጋ ሒሳብ ሲጨመርም ያተረፋችሁት ብዙ አይደለም።

ሌላው በመካነ ሰላም አድርጎ አባይን ተሻግሮ ጎጃም ጉንደወይን መግባት፣ ከዚያ በሞጣ ወደ ባሕር ዳር ማቅናት ነው። ቦረና ወይም ለጋምቦ ዘመድ ላለው ሰው ምክንያት አለው። ለሌላው ዋናው መንገድ ሲዘጋ የሚታሰብ ነው፤ እሱም አካባቢውን የሚያውቅ ሰው ካለ ብቻ።

ሠንጠረዡ

ሰዓቶቹ ከደሴ መሐል ከተማ እስከ ባሕር ዳር መሐል ከተማ ናቸው። የእኔ ግምት ነው፤ መንገዱም በረራውም በጥሩ ቀን ሲሆን።

| መመዘኛ | አውሮፕላን በቦሌ | አውቶቡስ | ኮንትራት ወይም የግል መኪና | አውቶቡስ እስከ አዲስ አበባ፣ ከዚያ አውሮፕላን |
|---|---|---|---|---|
| ርቀት | 25 በመኪና እና 587 በአየር | 480 ገደማ | 480 ገደማ | 400 በመኪና እና 333 በአየር |
| ከደጅ እስከ ደጅ | ከ7 እስከ 11 ሰዓት | ከ11 እስከ 13 ሰዓት | ከ8 እስከ 10 ሰዓት | ሁለት ቀን |
| ወጪ ለአንድ ሰው | ከፍተኛ | ዝቅተኛ | ለአራት ሲካፈሉ መካከለኛ፣ ለብቻ ከሁሉም ውድ | መካከለኛ፣ አልጋ ሲጨመር ከፍ ይላል |
| ምን ያበላሸዋል | የኮምቦልቻ ጉም፣ ያመለጠ ኮኔክሽን | የተዘጋ መንገድ፣ ብልሽት | የተዘጋ መንገድ | ሁለቱም |
| ቢበላሽ | አዲስ አበባ ማደር | ወልድያ ወይም ደብረ ታቦር ማደር፣ ወይም መመለስ | መመለስ ይቻላል | አዲስ አበባ ሌላ ቀን መጨመር |
| ለአካል | ቀላል፣ ግን ብዙ መጠበቅ | ከባድ | መካከለኛ | ከባድ |
| ለዕቃ | ልክ አለው | ብዙ ይጭናል | የመኪናው ሆድ ያህል | በአውሮፕላኑ ልክ |

ሠንጠረዡን በደንብ ያየ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። መንገዱ ሰላም ከሆነ ጥሩ መኪና ከአውሮፕላኑ ብዙም አይዘገይም። አውሮፕላኑ በአየር ላይ ያተረፈውን ሰዓት ቦሌ ላይ መጠበቁ ይበላዋል። አውሮፕላኑ የሚያሸንፈው በፍጥነት ሳይሆን መንገዱ በማይታመንበት ጊዜና አካል በማይችልበት ጊዜ ነው።

ለማን የትኛው?

መሥሪያ ቤት ልኳችሁ አበል የምትቆጥሩ ከሆነ ሒሳቡን በቀን ሥሩት። በአውቶቡስ መሄጃ አንድ ቀን፣ መመለሻ አንድ ቀን ይሄዳል። የስብሰባው ቀን አንድ ከሆነ ሦስት ቀን ከቢሮ ትጠፋላችሁ። በአውሮፕላንም ስብሰባው ጠዋት ከሆነ ዋዜማውን መሄድ ግድ ነው፤ የዚያኑ ቀን ጠዋት በርሬ እደርሳለሁ ማለት ሞኝነት ነው። ከሰዓት ከሆነም አልመክርም። ሦስት አራት ሆናችሁ የምትሄዱ ከሆነና መንገዱ ክፍት ከሆነ የመሥሪያ ቤቱ መኪና ይሻላል። ለብቻችሁ ከሆነ አውሮፕላን።

ለሕክምና ሪፈር ተጽፎላቸው ባሕር ዳር የሚሄዱ እናት ወይም አባት ከያዛችሁ፣ አቅም ካለ፣ አውሮፕላን። ዘመድ ማስቸገር ቢጠይቅም። ዐሥራ ሁለት ሰዓት ተቀምጦ የጋሸናን ብርድና ጥምዝ መቻል ለታመመ ሰው ቀልድ አይደለም። ግን ሐኪሙን ጠይቁ። አንዳንድ የልብና የሳንባ ሕመም፣ በቅርቡ የተደረገ ቀዶ ሕክምናም፣ ለበረራ ፈቃድ ይፈልጋል። ጋሸናም ቢሆን 3,000 ሜትር አካባቢ ነው፤ መተንፈስ ለሚቸግረው ሰው መሬት ላይ መሆኑ ብቻ አያድነውም።

ተማሪ ከሆናችሁ ኪሳችሁ ቀድሞ ወስኗል፤ አውቶቡስ ነው። ፍራሽና ብርድ ልብስ በአውሮፕላን አይሄድም። ብቻችሁን አትሂዱ፤ ከአንድ ሰፈር ሁለት ሦስት ሆናችሁ ውጡ። ቀኑንም ከጥሪው አንድ ቀን ቀደም አድርጉት።

ነጋዴ ከሆናችሁ ዕቃው በመኪና ይሂድ፣ እናንተ ከዕቃው ጋር መሄድ አለመሄዳችሁን ግን ለዩት። ዕቃውን ለሚታመን ሹፌር አስረክቦ በአውሮፕላን ቀድሞ መድረስ አንዳንዴ ከቲኬቱ በላይ ያተርፋል።

ለሰርግ፣ ለጥምቀት፣ ለአረፋ ወይም ለመውሊድ የምትንቀሳቀሱ ከሆነ አማራጭ የሚኖራችሁ ቀድማችሁ ከቆረጣችሁ ብቻ ነው። የኮምቦልቻው አውሮፕላን ትንሽ ነው፤ በበዓል ሰሞን መጀመሪያ የሚሞላው እሱ ነው። መናኸሪያም ያኔ ታሪፍ የሚባል ነገር ይረሳል።

ላሊበላና ሰመራ ለምታስቡ

ከኮምቦልቻ ወደ ሌሎች የአካባቢው ማረፊያዎችም ሒሳቡ ተመሳሳይ ነው። በቀጥታ መስመርና በቦሌ ሲዞር ያለውን ልዩነት ከካርታ ላይ ለክቼዋለሁ፤ ሁሉም ግምት ነው።

| ከኮምቦልቻ ወደ | በቀጥታ፣ በኪሎ ሜትር | በቦሌ ሲዞር፣ በኪሎ ሜትር |
|---|---|---|
| ላሊበላ | 127 | 586 |
| ሰመራ | 160 | 646 |
| መቀሌ | 264 | 757 |
| ባሕር ዳር | 267 | 587 |
| ጎንደር | 294 | 673 |

ሰመራን በአውሮፕላን ማሰብ ትርፉ ድካም ነው። መንገዱ ክፍት ሲሆን በባቲና በሚሌ አድርጎ በግማሽ ቀን ይገባል፤ ሙቀቱን ግን ቻሉት። ላሊበላም መንገዱ ክፍት ሲሆን በመኪና ነው። ወደ ጎንደርና ወደ መቀሌ ግን ርቀቱ ስለሚሰፋ አውሮፕላኑ የበለጠ ትርጉም ይሰጣል።

መመለሻውን አትርሱ

ሰው መሄጃውን ያቅድና መመለሻውን ለአላህ ይተወዋል። ከባሕር ዳር ስትመለሱ የኮምቦልቻው በረራ የመጨረሻው እግር ነው። ጥቂቱም እሱ ነው። ከባሕር ዳር በጊዜ ተነሡ፤ ያ ካመለጠ የሚቀጥለው ነገ ሊሆን ይችላል። የተቻለ እንደሆነ ከቀኑ በረራዎች የመጨረሻውን አትያዙ።

ኮምቦልቻ አመሻሽ ላይ ከደረሳችሁ ደግሞ ማረፊያው በር ላይ የሚቆሙት መኪናዎች ዋጋ ይቆልላሉ። ከመነሣታችሁ በፊት ለምታውቁት የደሴ ሹፌር ደውላችሁ ሰዓቱን ንገሩት። ካልተገኘ እስከ ኮምቦልቻ መናኸሪያ በባጃጅ ግቡ፤ የደሴ ታክሲ እዚያ አለ። ከመሸ በኋላ ጉም ካለ ግን ሐረጎን ከመውጣት ኮምቦልቻ አልጋ ይዞ ጠዋት መውጣት ይሻላል።